ቶን ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ቤሪንግ ባሕር ዓሣ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሲያትል ባለን ሐበሾች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ጉዳዩ በአላስካና በሩሲያ መካከል ካለው ከቤሪንግ ባሕር የሚወጣው የአላስካ ዓሣ ነው። ሐበሻን የአላስካ ዓሣ ምን አገባው የሚል ካለ፣ የዓሣ ፋብሪካ ያለባቸው የአላስካ ወደቦች ዳች ሀርበር ወይም አኩታን ደርሰው የተመለሱ ዘመዶቹን ይጠይቅ። አንዳንዶቻችን አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዋን ዶላር ያጠራቀምነው እዚያ ላይን ላይ (ዓሣው በሚሠራበት የፋብሪካ መስመር) ቆመን ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። መንግሥት በዓመት ይህን ያህል ቶን ይጠመድ ብሎ ከቆረጠ ሥራው አልቋል። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን በሲዝን (በማጥመጃ ወቅት) መከፋፈል፣ አካባቢ መዝጋት፣ መርከብ በሰንጠረዥ ማሰማራት ትርፉ ወረቀት ነው። ባሕሩን የሚያውቁት ካፕቴኖቹ ናቸው። ዓሣው ደግሞ ቆሞ ስለማይጠብቅ እቅድ ገና ከመውጣቱ ያረጃል። ጣና ላይ እንኳ አባቶቻችን ያለ ኮታና ያለ ካርታ ኖረዋል። በመጨረሻም ይህ ሁሉ እቅድ የበላው የእኛን የሠራተኞቹን እንጀራ ነው።

አምስት ነጥብ መሆኑ ነው። ከአምስቱ የመጨረሻው ላይ ግማሽ ያህል እስማማለሁ። የቀሩትን ግን በዝምታ ማለፍ ከበደኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮታው ከታወቀ ቶን ያው ቶን ነው»

ይህ ሐሳብ አላስካ ውስጥ በተግባር ተሞክሯል። ሃሊበት የሚባለውን ትልቁን ጠፍጣፋ ዓሣ ውሰዱ። አሜሪካና ካናዳ በ1923 ያቋቋሙት የጋራ ኮሚሽን አለ። ስንት ይጠመድ የሚለውን ይኸው ኮሚሽን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲወስን ኖሯል። ስለዚህ ቁጥር ነበረ። ያልነበረው የየጀልባው ድርሻ ነው። ኮታው የሁሉም ስለነበር ቀድሞ የደረሰ ብዙ ያፍሳል። ጀልባው በዛ፣ መንጠቆው በዛ፣ የማጥመጃው ጊዜ ግን እያጠረ ሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአላስካ ዋና ዋና የሃሊበት አካባቢዎች ባሕሩ በዓመት የሚከፈተው ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ያህል ብቻ ነበር። አንዱ መክፈቻ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ነው።

እስቲ ያችን ቀን አስቧት። ሰዓቱ ተቆርጧል። ማዕበል ኖረም አልኖረም ትወጣለህ፤ ከቀረህ የዓመቱ ገቢህ ቀረ ማለት ነው። ልትስበው ከምትችለው በላይ መንጠቆ ትጥላለህ። ሰዓቱ ሲያልቅ ያልሳብከውን ትተህ ትመለሳለህ፣ እሱም እዚያው ሆኖ ማንም የማይበላውን ዓሣ ሲይዝ ይኖራል። ከልኩ በላይ ጭኖ የሰመጠ ጀልባም አለ። ወደብ ስትደርስ ደግሞ ሁሉም እኩል ደርሷል። ፋብሪካው የዓመቱን ዓሣ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ አብዛኛው ዓሣ ፍሪዘር ይገባል።

በ1995 ኮታው ለየባለጀልባው ተደለደለ። ሲዝኑ ከማርች እስከ ኖቬምበር ሆነ፣ ስምንት ወር ገደማ። ጠቅላላ ቁጥሩን የሚያወጣው ያው ኮሚሽን ነው። የተለወጠው፣ ሰውዬው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ልውጣ ወይስ ይለፈኝ?» ብሎ መምረጥ መቻሉ ነው። ትኩስ ሃሊበትም ገበያ ላይ ለወራት የሚገኝ ሆነ። ቁጥር ብቻውን ይህን አላመጣም።

አሁን ወደ ፖሎክ ልምጣ፤ የእኛ ሰው በደንብ የሚያውቀው እሱን ነው። ብዙ አገር በዓሣ ሳንድዊች ውስጥ የሚበላው ነጭ ሥጋ እሱ ነው። ሱሪሚ የሚባለው የዓሣ ሊጥም በብዛት የሚሠራው ከእሱ ነው። የምሥራቅ ቤሪንግ ባሕር የፖሎክ ኮታ በ2024 ብቻ 1.3 ሚሊዮን ቶን ነበር።

የዚህ ዓሣ ዋጋ በወቅት ይለያያል። ዓመቱ በሁለት ሲዝን ይከፈላል፣ ኤ እና ቢ። ኤ ሲዝን የሚከፈተው ጃንዋሪ 20 ነው። በዚያ ጊዜ እንስቷ እንቁላል ይዛለች። እንቁላሉ ለጃፓንና ለኮሪያ ገበያ ይሄዳል፣ በኪሎ ሲሰላም ከሥጋው የበለጠ ያወጣል። የእንቁላል ጠረጴዛ ላይ የሠራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የተጣመሩት ሁለት ከረጢቶች ሳይቀደዱ መውጣት አለባቸው። ሐሞት የነካው አረንጓዴ ይሆናል፣ ለብቻው ይለያል። ቀድሞ የተያዘው ትንሽና ጠንካራ ነው። የዘገየው ደግሞ ውሃ ይዞ በጣት ሲነኩት ይፈርጣል። መካከል ላይ ያለው፣ ልክ የበሰለው፣ ገንዘብ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። ቶኑ ያው ሆኖ በጥቂት ሳምንት ልዩነት ገቢው ሌላ ይሆናል። ጤፉን በአበባው ያጨደና ሲደርስ ያጨደ ሰው እኩል ጎተራ አይሞሉም።

«የት» የሚለውን ደግሞ ከዶናት ሆል በላይ የሚያስረዳ የለም። በአሜሪካና በሩሲያ የባሕር ክልል መካከል የማንም ያልሆነ ቁራጭ ውሃ አለ፤ ዶናት ሆል የሚሉት እሱን ነው። በ1980ዎቹ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የፖላንድ፣ የቻይናና የሶቪየት መርከቦች እዚያ ሰፈሩ። በ1989 ከዚያች ቁራጭ ብቻ 1.4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ፖሎክ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያዝ ነገር ጠፋ። በ1993 ማጥመዱ ቆመ፣ በ1994 አገሮቹ ስምምነት ፈረሙ። ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬም እዚያ ፖሎክ ለገበያ አይጠመድም። ያ ዓሣ ለመራባት የሚሰበሰበው ቦጎስሎፍ በምትባል ደሴት አካባቢ ነበር። እሱም እስካሁን ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ልብ በሉ፣ በዚያው ጊዜ በምሥራቅ በኩል ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ያለው ፖሎክ በየዓመቱ ከሚሊዮን ቶን በላይ ሲሰጥ ነበር። ዓሣው አንድ ዓይነት፣ ባሕሩም አንድ ነው። አንደኛው ወገን ባዶ ሆነ፣ ሌላኛው አለ። የባሕሩን ዓሣ በጅምላ ደምሮ «ይህን ያህል ቶን ውሰዱ» የሚል ሰው የሚያጠፋውን ወገን አያየውም።

«ካፕቴኖቹ ያውቃሉ»

እሺ፣ ያውቃሉ። ታዲያ እቅዱን ማን ያወጣው መሰላቸው?

መንግሥት የሚያጥረው የውጩን አጥር ነው። ኤ ሲዝን እስከ ጁን 10፣ ቢ ሲዝን ከዚያ እስከ ኖቬምበር 1። ከኮታው 45 ከመቶው ለመጀመሪያው፣ 55 ከመቶው ለሁለተኛው። የባሕር አንበሳ (ዓሣ የሚበላ የባሕር አጥቢ እንስሳ) በሚመገብበት አካባቢ ደግሞ ከኤፕሪል 1 በፊት ከዓመቱ ድርሻ 28 ከመቶ በላይ አይወጣም። በዚህ አጥር ውስጥ የትኛው መርከብ መቼና ወዴት ይውጣ የሚለውን የሚወስኑት መርከበኞቹና ድርጅቶቹ ናቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1998 ያወጣው ሕግ ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደላቸው። ከ1999 ጀምሮ ድርሻቸውን እርስ በርስ ተከፋፍለው ይሠራሉ።

በባሕር አንበሳው ላይ ጸሐፊውን ትንሽ ልደግፋቸው። ማጥመዱ እንስሳውን ምን ያህል እንደጎዳው ሳይንቲስቶቹም እስካሁን ይከራከራሉ። ቢሆንም ማጥመድን በአንድ ቦታና በአንድ ወር ላይ አለማከማቸት ለፖሎኩም ለፋብሪካውም የሚጠቅም ነገር ነው።

ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው እቅድ ሲበላሽ ወዲያው ያውቃል። የባሕር ዳርቻ ፋብሪካዎች ዓሣ የሚቀበሉት ከትንንሾቹ መርከቦች ነው። እነሱ የያዙትን በቀዝቃዛ ውሃ ጋን ውስጥ አድርገው በሁለት ቀን ገደማ ማድረስ አለባቸው። ሦስት መርከብ ባንድ ላይ ከመጣ ሦስተኛው ወረፋ ይጠብቃል። ዓሣው ይላላል። የላላ ዓሣ ፊሌቶው ይሰነጠቃል፣ ሱሪሚውም ደረጃው ይወርዳል። በነጋታው ደግሞ ማንም አይመጣም። «ኖ ፊሽ» ይባላል፣ ክፍላችሁ ሂዱ። የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ክፍል ውስጥ ጣሪያ እያዩ የሚያልፍ ሰዓት ደግሞ አይከፈልበትም። ስለዚህ ማን መቼ ይውጣ የሚለው ሰንጠረዥ ለላይን ሠራተኛ ወረቀት አይደለም፣ ደመወዝ ነው።

«ዓሣው ይንቀሳቀሳል፣ እቅዱ ያረጃል»

ጸሐፊው ከጻፉት ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። እውነት ስላለበት ረጋ ብዬ ልመልስ።

ፖሎክ ይሄዳል። በቤሪንግ ባሕር ወለል ላይ ክረምት በረዶ ቀልጦ የሚተወው እጅግ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ፖሎክ እሱን ይሸሻል። በ2018 የባሕር በረዶው በጣም ስላነሰ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ከወትሮው በጣም ወደ ሰሜን ርቆ ብዙ ፖሎክ ታየ። የአምናን ካርታ ይዞ የወጣ ይቸገራል። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን።

ከዚያ ቀጥሎ ግን ሳልሞን አለ። የፖሎክ መረብ ሳልሞንም ይይዛል። መርከቡ ያንን ሳልሞን መሸጥ አይፈቀድለትም። ቺኑክ የሚባለው ትልቁ ሳልሞን ዩኮንና ኩስኮክዊም ወንዞች ዳር ለሚኖሩ የአላስካ ነባር ሕዝቦች የክረምት ቀለብ ነው። ድሮ መፍትሔው ካርታ ላይ ቋሚ አካባቢ ከልሎ «ሳልሞን እዚህ ከበዛ ይዘጋል» ማለት ነበር። ምን ሆነ? መርከቦቹ ከተከለለው ወጥተው ሌላ ቦታ ሄዱ፣ ሳልሞኑ ደግሞ እዚያ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። በ2007 በፖሎክ መረብ 120,000 ገደማ ቺኑክ ተያዘ።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢያውቁት ለራሳቸው ክርክር ይጠቀሙበት ነበር፤ ያረጀ እቅድ ማለት በትክክል እሱ ነውና። የመጣው መፍትሔ ግን እቅዱን መጣል አልነበረም። ፈጣን ማድረግ ነው የሆነው። አሁን እያንዳንዱ መርከብ ላይ ኦብዘርቨር (የተያዘውን የሚመዘግብ ታዛቢ) ወይም ካሜራ አለ፣ ሳልሞን በናሙና ሳይሆን አንድ ባንድ ይቆጠራል። ፋብሪካው ጋ ዓሣው በማጓጓዣው ሲያልፍ ሳልሞን ካየህ አንስተህ ለኦብዘርቨሩ በተቀመጠው ሣጥን ትከታለህ። ዝም ብሎ ማሳለፍ የለም። ቁጥሩ ከየመርከቡ ይሰበሰባል። ሳልሞን የበዛበት ቦታ ሳምንት ሳይሞላ ይታወቅና ለጊዜው ይዘጋል፣ ሲቀንስ ይከፈታል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የመጨረሻ ጣሪያ አለ፦ 60,000 ቺኑክ። በተግባር ግን መርከቦቹ እንዲያነጣጥሩ የሚጠበቀው 47,591 ላይ ነው። ወንዞቹ ላይ የሚመለሰው ቺኑክ ሲያንስ ሁለቱም ቁጥሮች ይወርዳሉ።

አሁን እውነተኛው ራስ ምታት ይመጣል። በቢ ሲዝን ውስጥ ቺኑክ መረብ ውስጥ የሚበዛው በማብቂያው፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። ስለዚህ በፈረንጆቹ በጋ፣ ከጁን ጀምሮ፣ ቶሎ ቶሎ አጥምዶ መጨረስ ይሻላል። በጋ ላይ ደግሞ ቸም የሚባለው ሌላው ሳልሞን ይበዛል። ከአንዱ ስትሸሽ ሌላው ላይ ትወድቃለህ። በ2021 ከ500,000 በላይ ቸም በፖሎክ መረብ ተያዘ። በዚያው ዓመት ዩኮን ላይ ሳልሞን ጠፍቶ ቤተሰቦች ለቀለባቸው እንኳ እንዳያጠምዱ ተከለከሉ። ዘሩ ሲመረመር ከቸሙ አብዛኛው ከእስያ የመጣ ነው፤ የምዕራብ አላስካው ድርሻ አነስተኛ ነው። ለዩኮን ሰዎች ግን ይህ ብዙም ማጽናኛ አይሆንም። መርከቡ እየያዘ እነሱ ጦም ያድራሉ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አልሰማም ነበር። በ2024 ደግሞ አላስካና ካናዳ በዩኮን ቺኑክ ላይ ለሰባት ዓመት ማጥመድ እንዲቆም ተስማሙ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት እቅድ ችግሩን ፈታው ለማለት አይደለም። ገና አልተፈታም። ነገር ግን «የትና መቼ» የሚለው ጥያቄ ከተወገደ የምንነጋገርበት ነገር ራሱ አይኖርም። 1.3 ሚሊዮን ቶን የሚለው ቁጥር ስለ ቺኑክም ስለ ቸምም አንዲት ነገር አይናገርም።

«ጣና ያለ ካርታ ኖሯል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የመረጡት ምሳሌ ተገልብጦ እሳቸውን ይመታል።

ጣና ላይ በታንኳ የሚያጠምደው ሰው ለብዙ ዘመን ሐይቁን አልጎዳውም፣ ልክ ነው። በ1986 ግን የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ። ዓሣው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ገበያ መሄድ ጀመረ። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን አለ፤ 15 የሚሆኑ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ። ወንዙ ከመግባታቸው በፊት አፉ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም የተዘረጋው እዚያው አፉ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ አሥር ዓመት ውስጥ ነጭ ዓሣው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ከአዋቂው ይልቅ የጠፋው ደግሞ ጫጩቱ ነው። ከሐይቁ ስፋት አንጻር ጠቅላላው የተያዘው ዓሣ ይህን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ያስደነገጠው ቦታውና ወሩ ነው። እንቁላል የያዘችውን እናት መንገድ ላይ ጠብቀው ያዟት። በዚያ ዘመን ሐይቁ ላይ የቶን ኮታ ቢኖር እንኳ ይህን አያስቆመውም ነበር። የወንዙን አፍ በክረምት መዝጋት ግን ያስቆመው ነበር። ኋላ የወጣው የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅም (ቁጥር 315/1995፣ ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ዓሣን በጊዜና በቦታ መከልከል እንዲቻል መሠረት ጣለ። አዋጁን መሬት ማውረዱ ሌላ ታሪክ ነው፣ ለዛሬ ይቆየኝ።

«እቅዱ እንጀራችንን በላ»

ግማሹን እስማማለሁ ያልኩት ይህን ነው።

በ1998ቱ ሕግ 9 ትልልቅ የፋብሪካ መርከቦች ከፖሎክ ወጡ፣ ስምንቱ ተቆራርጠው ብረት ሆኑ። በእነሱ ላይ የሚሠራው ሰው ሌላ ቦታ ፈለገ። ሃሊበት ላይም ኮታው ለየሰው ሲደለደል ብዙ ባለጀልባ ድርሻውን ሸጦ ወጣ፣ ጀልባው ሲቀንስ ጀልባ ላይ የሚቀጠረውም ቀነሰ። ድርሻው ደግሞ የተሰጠው ከዚያ በፊት የማጥመድ ታሪክ ለነበረው ነው፣ ያውም በነፃ። ታሪክ የሌለው መግዛት አለበት። ይህን «ፍትሐዊ ነው» የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።

ግን ሌላውንም ግማሽ እንየው። በ1990ዎቹ ሽሚያው እያለ የፖሎክ ሲዝን ከዓመት ሙሉ ወደ ጥቂት ወራት ነው ያጠረው። ለላይን ሠራተኛ ሽሚያ ማለት ለአጭር ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ መሥራት፣ ከዚያ ቲኬት ተቆርጦለት ወደ ሲያትል መመለስ ነው። ውድድሩ ሲቆም ሥራው ተዘረጋ። ፋብሪካውም ጊዜ ስላገኘ ከአንዱ ዓሣ ብዙ ማውጣት ጀመረ፦ ፊሌቶ፣ ሱሪሚ፣ እንቁላል፣ የተረፈው ደግሞ ዱቄትና ዘይት። ያ ሁሉ እጅ ይፈልጋል።

ደግሞም ድልድል የግድ ለሀብታም ብቻ አይደለም። ከፖሎክ ኮታ 10 ከመቶው በምዕራብ አላስካ ዳርቻ ላሉ 65 መንደሮች ተለይቶ ይሰጣል። መንደሮቹ በስድስት ማኅበር ተደራጅተው በዚያ ገንዘብ ዛሬ መርከቦቹ ውስጥ ድርሻ ገዝተዋል። ይህን ያደረገው ሲዝን ወይም የተዘጋ አካባቢ አይደለም። ኮታው ለማን ይሁን ተብሎ ሲወሰን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰዎቻቸው ስለነበሩ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ የሚባል ወገን ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም አላነሳውም።

ስለዚህ ጸሐፊው ቅሬታ ካላቸው አድራሻው ድልድሉ ነው። የሰሜን ፓሲፊክ የዓሣ አስተዳደር ምክር ቤት በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ተሰብስቦ የቀጣዩን ዓመት ቁጥር ያወጣል። ስብሰባው ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ተመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ በጽሑፍም መላክ ይቻላል። ለላይን ሠራተኛ ድርሻ ይታሰብ የሚል ደብዳቤ ካዘጋጁ ፊርማዬን አኖራለሁ፣ ትርጉሙንም እረዳለሁ። ሲዝኑ ይፍረስ የሚል ከሆነ ግን እኔን አይቁጠሩ።